ያልተቀመሰው የእታለም ድስት

በከተማው አውቶቡሶች ጋራዥ፣ ከጎማ ማከማቻው ጀርባ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ረጅም አዳራሽ አለ፤ የሠራተኞች መመገቢያ ነው። መስኮቶቹ ወደ ማጠቢያው ሜዳ ስለሚያዩ፣ አውቶቡስ በታጠበ ቁጥር ውኃው መስታወቱን ይረጨዋል፤ በዚያ በኩል የተቀመጠ ሁሉ እንደማይነካው እያወቀ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። በዚህ አዳራሽ ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰለችውን ሴት ሾፌሮቹ እታለም ይሏታል። በዕድሜ የሚበልጧትም፣ ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉትም እታለም ነው የሚሏት። በመዝገብ የሰፈረ ስሟን የሚጠራ ቢኖር ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ ነው።

ፈጣሪ ጸጋውን ሲያከፋፍል ለአንዱ ድምፅ፣ ለሌላው ጉልበት ይሰጣል፤ ለእታለም የሰጣት ምላስ ነው። የንግግሩን ማለቴ አይደለም፤ እሱም አልጎደለባትም። የምስር ሾርባ አንዴ ቀምሳ ሽንኩርቱ ከእሳት ቶሎ ወጥቷል ወይስ ዘግይቷል የምትል፣ ባቄላው ካለፈው ዓመት የተረፈ መሆኑን የምትለይ ሴት ነበረች። የድስት ማንኪያዋንም ለማንም አሳልፋ አትሰጥም። ሁለት ረዳቶች አሏት፤ ይልጣሉ፣ ይከትፋሉ፣ ያጥባሉ፤ መቅመስ ግን የእሷ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ይሆናል፤ እሳት ፊት ስትቆም እግሯ ያብጥ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። አንድ ቀን የሾርባ ባልዲ እንደያዘች በአዳራሹ መካከል ወደቀች። ሐኪሙ መርምሮ፣ ስብ የበዛበት ሥጋ እንድትቀንስ፣ አትክልትና ጥራጥሬ እንድታበዛ አዘዛት። እታለም ግን ነገር በመቀነስ የምትመለስ ሴት አልነበረችም፤ ሥጋን ጨርሳ ተወችው። ዓመቱ ሲዞር እግሯ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ ከዕቃ ቤት የድንች ጆንያ ራሷ እየጎተተች ስትወጣ ያየ ሁሉ ፈጣሪውን አመሰገነ። በረከቱ እውነተኛ በረከት ነበር። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ መቁጠር ጀመረች። “ሦስት ዓመት ሙሉ አልነካሁም” አለች፤ ቀጥሎ “አምስት”፣ ቀጥሎ “ሰባት”። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ አገጯም አብሮ ከፍ ከፍ ይል ነበር።

ከጾም ቀን በቀር በየቀኑ ሁለት ድስት ትጥዳለች። አንዱ የአትክልት ነው፦ ጎመን፣ ካሮት፣ ምስር፣ እንደ ወቅቱ። ይህን እየደጋገመች ትቀምሰዋለች። ሁለተኛው ድንች በሥጋ ነው። ይህን በማሽተት ትመራዋለች፣ በቀለሙ ትዳኘዋለች፣ ጨውንም በእፍኟ ትለካለች። “እጄ ያውቀዋል” ትል ነበር። እጇ በእርግጥ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ከስምንት ዓመት በፊት አውቶቡሶቹ በረከቱ፤ አሮጌው ድስት ሄዶ ሁለት ወንድ የሚሸከመው ድስት መጣ። እጇ ያው የቀድሞው እጇ ነበር፤ እፍኟም ያው።

ከዚያ ወዲህ በአዳራሹ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ታየ። ቀድሞ በአትክልቱ ድስት ፊት የሚሰለፉት ጨጓራ የሚያማቸው ስድስት ሰዎች ነበሩ። አሁን አርባ አለፉ። እታለም ጭልፋዋን ይዛ ሰልፉን እያየች፣ “ስብከት አያስፈልግም፤ ሰው ምሳሌ ካየ ይበቃዋል” ትል ነበር። የጋራዡ ክሊኒክ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል “የእታለም ሰልፍ” ብላ ጻፈችላት፤ ከሥሩም ጎመን ሣለች። ሥዕሉ ኳስ ይመስል ነበር።

በሥጋው በኩል ከቀሩት ዋነኛው ጡሩምባው የሚሉት ሾፌር ነው። አውቶቡሱን ከማንቀሳቀሱ በፊት፣ መንገዱ ባዶ ቢሆንም፣ ሁለት ጊዜ ስለሚያጮኽ ነው ስሙ የወጣለት። ሠላሳ ዓመት ነድቶ በዚያ ሳምንት ሐሙስ ጡረታ ሊወጣ ነበር። ማክሰኞ፣ ምሳ ካለቀ በኋላ፣ እታለም መጥታ ፊቱ ተቀመጠች።

“ሐሙስ ትሰናበተናለህ። ምን ላብስልልህ?”

“ድንች በሥጋ።”

“እሱን በልተህ በልተህ አይሰለችህም? ጓደኞችህ ሁሉ ወደ እኔ ሰልፍ ተመልሰዋል፤ አንተ ብቻ ቀረህ። ልብህ ደንዳና ነው።”

“ደንዳናስ ጥርሴ ነው እታለም። ጎመን ላይ ማባከን አልፈልግም።”

እየሳቀ ጢሙን ሊጠርግ መሐረቡን ከኪሱ ሲስብ የተጣጠፈ ወረቀት አብሮ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ተፈታ። ነጭ ነገር ፈሰሰ። እሱ በመዳፉ ሊከልለው ሲቃጣ፣ እሷ ጣቷን አስነክታ ቀምሳው ነበር።

“ጨው ነው።”

“ጨው ነው።”

“ጨው በኪስ ምን ያደርጋል? የምታልሰው ከብት አለህ እንዴ?”

“አለኝ፤ እኔው ነኝ።”

እታለም አልሳቀችም። ጡሩምባው አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ የሚያድነው ሰው አልነበረም። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ሁሉንም ዘረገፈው። ትልቁ ድስት ከመጣ ጀምሮ ሥጋው ጨው የለውም፤ ሥጋ የሚበላ ሁሉ በየኪሱ ጨው ቋጥሮ ነው የሚመጣው።

“አርባዎቹስ?” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ወደ አትክልት የተመለሱት?”

“እነሱማ ጨው መሸከም የሰለቻቸው ናቸው።”

እታለም ለጥቂት ጊዜ ሰሌዳውን፣ ኳስ የመሰለውን ጎመን፣ አየች።

“ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?”

“እንዳይነግሩሽ የከለከልኩት እኔ ነኝ” አለ ጡሩምባው። “ባልዲ ይዘሽ የወደቅሽ ዕለት ከመሬት ያነሣሁሽ እኔ ነኝ፤ ረሳሽው? ብንነግርሽ ትቀምሺዋለሽ። ትቀምሺና ደግሞ ትወድቂብናለሽ። አፋችሁን ዝጉ አልኳቸው። ጨው ብንሸከም ምን አለበት? ሠላሳ ዓመት ሰው ስሸከም ኖሬ የለም ወይ?”

ወደ ማብሰያው ገብታ፣ የታጠበውን ጭልፋ ደግማ አጠበችው።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ ባሏ ጫማ የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ ከሥር ነው። ማታ ሱቁ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነገረችው። እሱ ሦስት ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ሰማትና ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አወጣቸው።

“ሰው ሲስቅብኝ ኖሯል” አለች።

“ስምንት ዓመት ጨው ተሸክሞልሽ የሚስቅብሽ ሰው ካለ ከእኔም አስተዋውቂኝ፤ እንዲህ ያለ ጠላት ለእኔም ያስፈልገኛል።”

“አትቀልድብኝ።”

“እሺ። ረዳቶችሽ ይቅመሱልሽ። ምላስ የላቸውም?”

“አንተ ጫማ ሰፍተህ ስትጨርስ፣ ሚስማር ወደ ውስጥ እንዳልወጣ የምትዳብሰው በማን እጅ ነው?”

“በእጄ።”

“በቃ።”

ባሏ ጫማውን አገላብጦ አየና፣ “ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ያሉት አባቶች ያንቺን ድስት ሳያዩ አልቀሩም” አለ። እሷ ስትቆጣ ቀጠለ፦ “እንግዲያው ቅመሺዋ።”

“ዘጠኝ ዓመቴስ? በአንድ ማንኪያ ይሂድ?”

“የት ይሄዳል? እግርሽ ላይ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የምትውይበት እሱ አይደለም ወይ?”

ከራት በፊት ከወትሮው ረዘም አድርጋ ጸለየች። እግሯ በዳነ ጊዜ ያመሰገነችው ፈጣሪዋን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ምስጋናውን ቀስ በቀስ ወደ ራሷ እያዞረች መምጣቷ በዚያች ሰዓት ታወቃት። ፈገግ ብላ ይቅርታ ለመነች። አንድ ነገር ብቻ ያስፈራት ነበር፤ እሱም ዳግመኛ መታመም ነው።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ክሊኒኩ ገና ሲከፈት ገባች። ሲስተር የደም ግፊት መለኪያዋን እየጠቀለለች ነበር።

“ጥያቄ አለኝ ልጄ። ለጓደኛዬ ነው።”

“ይጠይቁኝ እታለም።”

“ጓደኛዬ ዘጠኝ ዓመት ሥጋ አልነካችም። አንድ ማንኪያ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?”

“የጓደኛዎን ክንድ ይስጡኝ” አለች ሲስተር፤ ለካችም። “የጓደኛዎ ግፊት ደኅና ነው። እንቁላልና ወተት ትወስዳለች?”

“ትወስዳለች። ለምን?”

“ጎመን ሁሉንም አይሰጥማ። ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ቫይታሚን አትክልት ውስጥ አይገኝም። በእንቁላልና በወተት ካገኘችው መልካም ነው፤ ለማንኛውም ደሟን አንድ ቀን እናየዋለን። አሁን ስለ ማንኪያው፦ ጓደኛዎን ያዳናት ያልበላችው ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የበላችው ነው። ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ። የአዘቦት ማዕዷ እሱ ሆኖ ከቆየ፣ አልፎ አልፎ ስቡ የተነሣለት ትንሽ ሥጋ ያንን አያፈርሰውም።”

እታለም ክንዷን ሳታነሣ ቆየች። “ታዲያ ሥጋ የማትበላ ትባላለች?”

“በጥብቁ ከተያዘ አትባልም፤ ልዋሽዎ አልችልም። ስሙን የሚያጠብቁ አሉ፤ የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ግን ጓደኛዎ ሥጋ የተወችው ለጤናዋ ከሆነ፣ ደም ስም አይጠይቅም።” ሲስተር መለኪያውን ፈታችላት። “ደግሞ ‘ቀመስኩ’ እያለች አንድ ሳህን እንዳትጨርስ ይንገሯት።”

“ትሰማለች” አለች እታለም። “አስቸጋሪ ናት፤ ግን ትሰማለች።”

ሐሙስ ማለዳ ሥጋውን ራሷ ስቡን እያነሣች ከተፈችው። ሽንኩርቱን አቁላላች፣ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ጨመረች፣ ድንቹን በመጨረሻ ለቀቀችው። እንደ ልማዷም ያችኑ እፍኝ ጨው ጣለች። ከዚያ አማተበችና ረጅሙን የእንጨት ማንኪያ ነከረች።

ሥጋ የታጠበበት ውኃ ነበር። ሌላ ስም የለውም። እነዚያ ወንዶች ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን በልተው “እጅሽን ይባርከው” ብለዋታል። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ስትስቅ ረዳቶቿ አዩዋት። አንድ እፍኝ ጨመረች፣ ቀመሰች፤ ግማሽ እፍኝ ጨመረች፣ ቀመሰች። በሦስተኛው ማንኪያ ሽንኩርቱና ሥጋው፣ ድንቹና ቁንዶ በርበሬው ተስማምተው አንድ ሆኑ። የረዳቶቿን ሥራ አስቁማ “እዩትማ” አለቻቸው፤ ማንኪያውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠቻቸው። ለሾፌሮቹ ግን ትንፍሽ አላለችም። ከፊታቸው ላይ ልታነበው ፈልጋ ነበር።

በምሳ ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ለጡሩምባው ክብር ሲሉ የአትክልቱ ሰልፈኞችም ዛሬ በሥጋው ተሰለፉ፤ ሲስተርም ከእነሱ ጋር። እታለም በጭልፋዋ አደለች፤ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ተደግፋ ጠበቀች። ሾፌሮቹ ግን መኪና ውስጥ ሲገቡ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ቁልፉ እንደሚሄድ፣ ሳህኑ ፊታቸው ሲቀመጥ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ። ወረቀቶች ተፈቱ። ማንም አልቀመሰም። የለመደው ነሰነሰ፤ ያልያዘው ከጎረቤቱ ለመነ፤ ጡሩምባውም የስንብት ቀኑ ነውና እጥፍ አደረገው።

የመጀመሪያው ጉርሻ ገባ።

ሳል ተሰማ። የአንዱ ዓይን ቀላ። የውኃ ማሰሮዎች ከእጅ ወደ እጅ ይሄዱ ጀመር። ነገር ግን ስምንት ዓመት ስለዚህ ድስት ክፉ እንዳይናገሩ ተማምለው የኖሩ ሰዎች ናቸውና አንዳቸውም አልተነፈሱም፤ አጎንብሰው ማኘካቸውን ቀጠሉ።

“እንዴት ነው?” አለች እታለም ከማዶ።

“እጅሽን ይባርከው” አለ ጡሩምባው። እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር።

ለስንብቱ ያለቀሰ መሰላት። ጠጋ ስትል ግን ውኃ በብርጭቆ ላይ ብርጭቆ ሲደግም አየችው። ማንኪያውን ከእጁ ወስዳ ከሳህኑ ቀመሰች።

“ማነው ይህን ባሕር ያደረገው?” አለች። ዝቅ ብላ ስታይ የወረቀቱን ክምር አየች። “አንድም ሰው ሳይቀምስ?”

ከዚያ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። እየሳቀችም፣ “ዛሬ እኮ ቀምሻለሁ። ሦስት ማንኪያ” አለች።

ጡሩምባው ብድግ አለ። “ምን አደረግሽ እታለም? እግርሽስ?”

“ይኸው ቆሞልሃል። ሲስተርን ጠይቃት።”

ሲስተር ግን በየጠረጴዛው እየዞረች ወረቀቶቹን በነጭ ጋዋኗ ኪስ ትሰበስብ ነበር። “ለግማሾቻችሁ የግፊት መድኃኒት የምሰጠው እኔ ነኝ” አለች። “ለካ ከእኔ ወስዳችሁ እዚህ ታፈርሱት ኖሯል።” ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ መስኮቱን ውኃ ሲረጨው አንገቱን የሰበረ አልነበረም።

ከድስቱ ሢሶው ተርፎ ነበር። እታለም ሳህኖቹን አስመለሰች፤ የቻለችውን ያህል፣ ጨው ከሌለው ቅቅል ድንች ጋር አቀላቀለች፤ ከድስቱ የቀረውን ንጹሑን ለጡሩምባው አቀረበች። ለራሷም በሻይ ሳህን ጥቂት ጨለፈችና፣ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሾፌሮቹ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ጡሩምባው ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሳህኑን ጠርጎ በላ።

“ጡረታዬን ላራዝም” አለ ሲጨርስ።

“ዘግይተሃል” አለችው።

ከአርባዎቹ አንዱ ሰሌዳውን እያየ፣ “እኛስ እታለም፣ ከሰኞ ጀምሮ የት እንሰለፍ?” ብሎ ጠየቀ።

“ሆዳችሁ ወደ መራችሁ። ሁለቱንም ቀምሻቸዋለሁ።”

ሰኞ ዕለት የሥጋው ሰልፍ ረዘመ። ነገር ግን ከአርባዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት በአትክልቱ በኩል ቀሩ፤ ሰውነታችን ቀሎናል፣ ለምደነዋል አሉ። እታለምም ምሳዋን እንደ ድሮው ከአትክልቱ ነው የምትበላው፤ ሥጋውን በማንኪያ ትቀምሳለች፣ ዓመታቱን ግን መቁጠር ትታለች። ጭልፋዋን አንሥታ ቀጣዩን ተሰላፊ ቀና ብላ ስታይ፣ ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ሊሆን የሚገባው ጡሩምባው በጎመኑ ድስት ፊት ሳህን ይዞ ቆሟል።

“ምን ትሠራለህ እዚህ? ጥርስህስ?”

“ሥጋውን ለስንብቴ በላሁት” አለ። “ያቺ ሰልፍ ስምንት ዓመት ምን እያገኘች እንደነበር ደግሞ ልይ። ጨምሪበት እንጂ፤ ጭልፋሽ ምነው ሰሰተ?”