ባለታኮው ከጨዋታው በፊት

ደባርቅ ውስጥ ጋሽ ቢራራን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው እያነሰ ነው። መናኸሪያ ሲደርሱ የባጃጅ ሾፌሮቹ «ባለታኮው መጡ» ይባባላሉ። ዳቦ ቤት ሲሰለፉ ከኋላቸው የቆመች ተማሪ ለጓደኛዋ «እሳቸው ናቸው እኮ» ብላ ታንሾካሹካለች። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ዳቧቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ዝና እንዲህ ዳቦ ይዞ ሲሄድ ማየት እስካሁን ይገርመኛል።

ይህን ያመጣው «ዳገት» የሚባል የስልክ ጨዋታ ነው። የምትሠራው ሁዳ ባሽር ናት፤ በአባቷ ሱቅ ጓዳ፣ በሩዝ ጆንያና በሳሙና ካርቶን መሀል ባስቀመጠቻት አንዲት ላፕቶፕ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል፤ እሷ ኮምፒውተር፣ እኔ ሥነ ጽሑፍ። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩትን የምጽፈው እኔ ነኝ። እስካሁን አምስት ክፍሎች ወጥተዋል፤ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፉ ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ጎንደር ደርሰዋል።

ጨዋታው ቀላል ነው። የተጫነ መኪና የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዳገት ከታች ከዛሪማ ወደ ላይ ወደ ደባርቅ ይወጣል። ሞተሩ ሲግል ይቆማል። ያኔ ባለታኮው ከኋላ ዘሎ ይወርድና፣ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ታኮ ማለት ይኸው ነው። ሞተሩ ሲበርድ መኪናው ይነሳል፣ ባለታኮው ተንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ድንጋዩ መንገዱ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ዙር ተጫዋቹ በዚያው መንገድ በበለጠ ፍጥነት ሲመጣ፣ ራሱ የተዋቸው ድንጋዮች ይጠብቁታል። ሰው የወደደው ይህንኑ ነበር።

በየክፍሉ ተመልሰው የሚመጡት ሰዎች ሁሉ የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። በቅሎዋን መንገድ መሀል አቁማ መኪናውን የምታስጠብቀው ሴት፣ ከጊች ገብስ ጭነው ከሚመጡት ከእሜቴ ስጦታ የተቀዳች ናት። «በቅሎዬንስ ቁርጥ እሷን አድርጋችኋታል፤ እኔን ግን አስረጅታችሁኛል» ብለው አንድ ጊዜ ተቆጥተውናል። ባዶ ሚኒባስ በር ላይ ቆሞ «ሞላ፣ ሞላ» የሚለው ደላላ የአምባ ጊዮርጊሱ ያርጋል ነው። ባለታኮው ግን ሁሉንም ይቀድማል። ሁዳ መኪናውን እንኳ ሳትሥል በፊት ጋሽ ቢራራን ከነባርኔጣቸው ነው የሣለችው።

መጀመሪያ ያየቻቸው በስድስት ዓመቷ ነው። ከጎንደር ዕቃ የሚያመጣው መኪና ሱቁ በር ላይ ሊቆም ሲል፣ ጋሽ ቢራራ ቀድመው ዘለው ይወርዱና ታኮውን በእግራቸው ገፍተው ከጎማው ሥር ያስገቡት ነበር። «መኪና በአንድ እግሩ የሚያቆም ሰው መስሎኝ ነበር» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላየችም። ዓይኗ ወደሚወርደው የከረሜላ ካርቶን ይሄድ ነበር።

ጋሽ ቢራራ የተወለዱት ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። የአባታቸው መሬት ለአምስት ወንድማማቾች ሲከፋፈል ለእሳቸው በሬ የማያዞር ቁራሽ ደረሳቸው። በሃያ አራት ዓመታቸው ደባርቅ መጥተው፣ ፀጋው በሚባሉ ሾፌር የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኑ። ሃያ ስድስት ዓመት በረዳትነት ኖሩ። መንጃ ፈቃድ ለምን እንዳላወጡ ብጠይቃቸው፣ «ሾፌሩ መንገዱን በመስታወት ያየዋል፤ እኔ ደግሞ በእግሬ አውቀዋለሁ። ምን ቀረብኝ?» አሉኝ። በዚያ ሥራ ዓለምብርሃንን አገቡ፣ ሁለት ሴት ልጆች አሳደጉ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ። ስለዚያ ቤት ሲያወሩ ቆርቆሮውን ማን እንዳቀበላቸው፣ ጭቃውን ማን እንዳቦካላቸው ሳይናገሩ አያልፉም።

በኋላ ዓይናቸው ደከመ፤ ሞራ ነበር። «ዳገት» የወጣው ሁሉም ነገር ጭጋግ ሆኖባቸው ሳለ ነው። ስለዚህ አምስቱንም ክፍሎች በጆሯቸው ነው የተከታተሉት። ሰው ስልኩን ያቀርብላቸዋል፣ እሳቸው የሞተሩን ድምፅና የባለታኮውን «ያዝ፣ ያዝ» ሰምተው ይስቃሉ። ይኮሩም ነበር።

ባለፈው ጥር ጎንደር ሄደው ሞራው ተገፈፈላቸው። ጥቁር መነጽር አድርገው በተመለሱ በሁለተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የወንፊት ቀዳዳ እየቆጠሩ አገኘኋቸው። «ዓለምብርሃን አርጅታለች» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ሚስታቸው እንዳይሰሙ። «ተመስገን ነው፤ አብረን ነዋ ያረጀነው። እኔ ብቻዬን የሄድኩ መስሎኝ ነበር።» ይህን ሰምቼ ወደ ቤቴ ስሄድ የማየው ሁሉ፣ የሽቦ አጥር ሳይቀር፣ ስጦታ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን መናኸሪያ ወርደው አንዱን የባጃጅ ሾፌር «እስቲ ያን ጨዋታ አሳየኝ» አሉት። ቆመው አንድ ዙር ሙሉ አዩ። ስልኩን መለሱለት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሽ ባሽር ሱቅ መጡ።

የሁዳ አባት ጋሽ ባሽር ስኳር እየመዘኑ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ይተዋወቃሉ።

«ኮከቡ መጣ» አሉ ጋሽ ባሽር። «ዓይንህ በራ አሉ። እኛንስ ድሆቹን ታየናለህ?»

«አየሁህ እንጂ። እንዲህ ወፍረህ ኖሯል? ድምፅህ ቀጭን ሆኖ አታሎኝ።»

«አልሐምዱሊላህ በልና ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ልጅህን ጥራልኝ።»

ሁዳ ከጓዳ ወጣች፤ በስድስተኛው ክፍል ላይ አብረን እየሠራን ስለነበር እኔም ተከተልኳት።

«እንኳን ለብርሃን አበቃዎ ጋሼ» አለች።

«አሜን ልጄ። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ አይደል?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄደው ምን ሆኖ ነው?»

ሁዳ አስረዳች። ድንጋዮቹ መሰናክል መሆናቸውን፣ ጨዋታው በእነሱ ላይ መቆሙን ነገረቻቸው። ጋሽ ቢራራ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ድንጋይ ማስገባትማ ማንም ያስገባል» አሉ። «ረዳት ማለት አንሺ ነው። ኩርባ ላይ የቀረ ድንጋይ የሚጠብቀው ከኋላ የሚመጣውን ሰው ነው። ከዛሪማ እስከዚህ ያለ ረዳት ሁሉ ይህን ያውቃል። ድንጋይ ጥሎ የሄደ ረዳት በዚህ መንገድ ዳግም የሚቀጥረው የለም። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጊዜ ጥያለሁ። አንድ።»

ያን አንዱን ቆመው ነገሩን። ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ወር ነው። ዝናብ ነበር። ድንጋዩን አስገቡ፤ መኪናው ሲነሳ ጥሏቸው የሚሄድ መሰላቸውና ሮጠው ተንጠለጠሉ። ሁለት ኩርባ እንዳለፉ ፀጋው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ድንጋዩስ?» አሉ። ሜዳ ሲደርሱ መኪናውን አቆሙና «ሂድና አንሳው። እጠብቅሃለሁ» አሉ።

«ወረድኩ። ደርሼ ድንጋዩን ሳቅፈው አውቶቡስ ሰማሁ። ወደ ገደሉ አይወረወርም፤ ከታች ሌላ ዙር መንገድ አለ፣ እዚያም ሰው አለ። ወደ ተራራው ጥግ ጎትቼ ጣልኩትና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ አጠገቤ አለፈ። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋብኝ፤ ተሳደበም መሰለኝ። መስኮት ጋ የተቀመጠች ሴትዮ ብርቱካን እየላጠች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ፀጋው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢያባርረኝ ይችል ነበር። ቢሰድበኝም ይችል ነበር። ጠበቀኝ። ሰው ያደረገኝ እሱ ነው። አሁን አገሩ በሙሉ የሚያየኝ ደግሞ ጥዬ ስሄድ ነው።»

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ከተነሳ ግን ጨዋታ የለም» አለች ሁዳ፤ ድምፅዋ ወርዷል። «ስድስተኛው ክፍልም በአሥራ አምስት ቀን ይወጣል ብዬ ተናግሬያለሁ።»

«እንግዲያው እኔን አውጪኝ። ሌላ ሰው ሣዪ። ባርኔጣዬንም መልሺ።»

«ቢራራ፣ የስልክ ድንጋይ እኮ ማንንም አይገጭም» አሉ ጋሽ ባሽር።

«አንተንስ በዚህ ሚዛን ስትሰርቅ አድርገው ቢሥሉህ ትስቅ ነበር?»

ጋሽ ባሽር አልሳቁም። መስፈሪያውን ስኳሩ ውስጥ ተክለው ልጃቸውን አዩ። «አስተካክዪለት» አሉ።

ማስተካከል ግን እንዴት? ሁዳ ሁለት ቀን ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ምንም አልሠራችም። የጋሽ ቢራራን ምስል አውጥታ ሌላ ሰው አስገባች፤ መልሳ አጠፋችው። እሳቸው የሌሉበት መኪና ወላጅ እንደሌለው ቤት ሆኖ ታየኝ። በሦስተኛው ቀን ተነስታ «ሊማሊሞን በጭነት መኪና ወጥቼው አላውቅም» አለች። «ሁልጊዜ ሱቁ በር ላይ ነው የማየው። እንሂድ።»

ቅዳሜ ሕሩይ በሚባል ሾፌር አይሱዙ ወደ ዛሪማ ወርደን፣ ማሽላ ከተጫነ በኋላ መውጣት ጀመርን። ጋሽ ቢራራ ጋቢና፣ እኔና ሁዳ ከኋላ ማሽላው ላይ ነበርን። ሐኪሙ አንድ ወር እንዳያጎነብሱና ከባድ ነገር እንዳያነሱ ስላዘዛቸው፣ ድንጋዩ የሁዳ ሥራ ሆነ። መንገዱ ጭር ሲል፣ አንድ ኩርባ እንዳለፍን ሕሩይ መኪናውን ሆን ብሎ አቆመ።

«ቀሚስ የለበሰ ረዳት ዛሬ ገና ቀጠርኩ» አለ።

«ቀሚሴን ተወውና ፍሬንህን ያዝ» አለችው ሁዳ፤ ወርዳም ድንጋዩን አስገባች። ቀላል ነበር። ከዚያ መኪናው ተነሳ።

የማላውቀውን ነገር ያየሁት ያኔ ነው። ድንጋዩን የመኪናው ክብደት ነክሶታል፤ ጎማው እስኪለቀው መጠበቅ ያስፈልጋል። ሲለቀው ደግሞ መኪናው እየሄደ ነው፣ ዳገት ላይ ስለሆነ ሾፌሩ ዳግም መቆም አይፈልግም። ድንጋዩን ማንሳት፣ ወደ ተራራው ጥግ መውሰድ፣ ተመልሶ ዳገቱን መሮጥ፣ ከመኪናው ኋላ ያለውን መሰላል መያዝ፤ ይህ ሁሉ ሻርፕን አስተካክሎ ለማሰር በማይበቃ ጊዜ ውስጥ። በመጀመሪያው ሙከራ መኪናው አመለጣት፤ ሕሩይ ሜዳው ላይ ጠበቃት። በሁለተኛው ድንጋዩን አስፋልቱ ዳር ትታው ሮጠች።

ጋሽ ቢራራ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ግማሽ አንስተሻል ልጄ። ግማሽ ማንሳት የሚባል ነገር የለም። ተመለሺ።»

ተመለሰች። በሦስተኛው ኩርባ መሰላሉን ጨበጠች፤ ከላይ ሆኜ እጇን ይዤ ሳብኳት። ማሽላው ላይ በጀርባዋ ወድቃ ትንፋሽ አጥሯት ትስቅ ጀመር። ከበታቻችን ያለፍንባቸው መንገዶች አንዱ ከሌላው በታች ተጣጥፈው ይታዩ ነበር፤ አንዳቸውም ላይ የኛ ድንጋይ የለም።

«ጨዋታው እዚህ ጋ ነው» አለች። «ማስገባቱ ጋ አይደለም። አምስት ክፍል ሙሉ ከኋላዬ ትቼው ስሄድ ነበር።»

አሥራ አምስቱ ቀን ሃያ አምስት ሆነ። ሁዳ የቀድሞውን አፍርሳ እንደገና ሠራችው። አሁን ባለታኮው ድንጋዩን ያስገባል፤ ተጫዋቹ ደግሞ ጎማው የሚለቅበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሳል፣ ጥግ ያስይዛል፣ ሮጦ መኪናውን ይይዛል። ከአምስቱም ክፍሎች የከበደው ይህ ሆነ። እኔም የጻፍኳቸውን የባለታኮውን ፉከራዎች አጥፍቼ፣ ሲያነሳ የሚያሰማትን ትንሽ ማቃሰት ብቻ ተውኩለት። ካሉኝ መስመሮች ሁሉ የተሻለች እሷ ናት፤ እኔ አልጻፍኳትም።

ከመውጣቱ አንድ ቀን በፊት ጋሽ ቢራራ ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ተጫወቱ። አውራ ጣታቸው ለስልኩ ማያ ትልቅ ነው። ጋሽ ባሽር ከባንኮኒው ወጥተው ከኋላቸው ቆሙ። መኪናው ቆመ፣ ድንጋዩ ገባ፣ መኪናው ተነሳ። ጋሽ ቢራራ ሳይቸኩሉ ድንጋዩን አነሱት። እስከ ተራራው ጥግ ወሰዱት፣ አስቀመጡት። ቀና ሲሉ መኪናው ኩርባውን ዞሮ ጠፍቷል። ማያው ላይ «ተሸንፈዋል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ማን ነው የተሸነፈው?» አሉ።

«መኪናው አመለጠዎት ጋሼ» አለች ሁዳ።

«ድንጋዩ ተነስቷል አይደል?»

«ተነስቷል።»

«ታዲያ ሰውዬው ምን ሆነ? እግር አለው፤ በእግሩ ይምጣ።»

«ድሮም እንዲህ ነበር፤ አንድ ካርቶን ለማውረድ ግማሽ ቀን» አሉ ጋሽ ባሽር፤ ነገር ግን እጃቸውን የጓደኛቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

ሁዳ ስልኩን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ስትወጣ ያ ቃል ጠፍቷል። በስድስተኛው ክፍል መኪናው ቢያመልጥ ጨዋታው አይቆምም። ባለታኮው ባርኔጣውን አስተካክሎ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፤ መኪናው ሜዳው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጎንደር ካሉት ተጫዋቾች አንዳንዶቹ ይህ ክፍል ይንቀራፈፋል እያሉ ይጽፉልናል። ረዳቶቹ ግን አንድም ቅሬታ አላሰሙም።

ጋሽ ቢራራ አሁንም ከሰዓት በኋላ እየመጡ ይጫወታሉ። መኪናውን ለመያዝ ብዙ አይሮጡም። አንድ ቀን ሰውዬው ብቻውን ቀስ እያለ ሲወጣ አይታ ሁዳ «ፍጥነቱን ልጨምርልዎ ጋሼ?» አለቻቸው።

«ተዪው ልጄ» አሉ፤ ዓይናቸውን ከማያው ሳያነሱ። «መንገዱ ንጹሕ ነው።»