አጎቴ አውፍ በሉኝ ሲሉ

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ቡታጅራ ውስጥ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩት አጎቴ ተሳስቻለሁ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ሐኪም የጉሮሮ ነቀርሳ እንዳለባቸው ከነገራቸው በኋላ ግን በየጁምዓው የበደሉትን ሰው እየፈለጉ "አውፍ በሉኝ" ማለት ጀመሩ። እኔ የእህታቸው ልጅ ክንዳቸውን ይዤ እሄዳለሁ። እያንዳንዱ ይቅርታ ስንብት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን መስቃን ገጠር ወደሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው ሄድን። በአባታቸው የእንሰት ማሳ ተጣልተው ለዓመታት አልተነጋገሩም።

"ባያስገቡንስ?" አልኳቸው።

"እኔ የምፈራው ሳልጠይቀው መሞትን ነው" አሉኝ በሰለለ ድምፅ።

ደጃፉ ላይ ቆመው "ማሳውን ያለ ሐቄ ወስጄብሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው፤ አውፍ በለኝ" አሉ። ታናሹ አጎቴ ከበሩ ፈቀቅ ሳይሉ መሬት መሬት አዩ። አጎቴ እንዳይወድቁብኝ ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

"አሁን አልችልም" አሉ ታናሽየው በመጨረሻ። "ግን ግቡ፣ አረፍ በሉ።"

ስንመለስ አጎቴ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። "የኔ ድርሻ መጠየቅ ነው። ልቡን የያዘው አላህ ነው" አሉኝ።

ወር ሳይሞላ ሞቱ። ጀናዛው ከቤት ሲወጣ ታናሽየው ቃሬዛውን በእጃቸው ነክተው "አውፍ ብያለሁ ወንድሜ" አሉ። አጎቴ ተኝተውበት የነበረው መደብ ባዶ ሆኖ ባየሁ ቁጥር፣ የወንድማቸውን ቃል ሰምተው ይሆን ወይ እያልኩ እስከ ዛሬ እጨነቃለሁ። ያረህማን፣ አሰማልኝ።