የሰባተኛዋ አምላክ ክራንቻ

እታለም ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው አፉን ነው። ሌላው ዓይን ዓይን እያየ ሲያወራ እሷ ከንፈር ከንፈር እያየች ታዳምጣለች፤ ያላወቃት ሰው ጆሮዋ የደከመ ይመስለዋል። ጆሮዋ ደህና ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ በምንሠራበት ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ስለተቀመጠች ሥራው ነው እንዲህ ያደረጋት። ከሃያ ስድስቱ አሥራ አንዱን አጠገቧ ተቀምጬ አሳልፌአለሁ። የእሷን ነገር ለመጻፍ ከኔ የተሻለ ሰው አይገኝም፤ ከኔ የባሰም አይገኝም። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ላቦራቶሪ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጥርስ ክሊኒኩ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ሁለት መብራት፣ ጀሶ የምንበጠብጥባቸው የጎማ ሳህኖች፣ ሰም የምናቀልጥባት ትንሽ እሳት፣ በቃ። መስኮቱን የጀሶ አቧራ ስለሚሸፍነው ውጭው ሁልጊዜ ጭጋግ ይመስላል። ዶክተሩ የታካሚውን የድድ ልክ ይወስድና በሩን ገፋ አድርጎ ያቀብለናል። እኛ በልኩ ጀሶ እናፈሳለን፣ በጀሶው ላይ ሰም፣ በሰሙ ላይ ጥርስ እንደረድራለን።

እኔ ዲፕሎማ አለኝ። እታለም የላትም። የገባችው ለጽዳት ነበር፤ የጀሶ ሳህን እያጠበች የሠራተኞቹን እጅ እያየች ተማረች። አንድ ቀን ሠራተኛው ታሞ ሲቀር ማንም ሳያዛት የአንድ መንጋጋ ሙሉ ጥርስ ሠርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዶክተሩ አገላብጦ አየና፣ «ማነው ይሄን የሠራው?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጊያ ይዛ አታውቅም።

እኔ ጥርስ ስደረድር በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። በተቀጠርኩ ሰሞን በዚህ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እሷ አንዱን ሥራዬን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችና፣

«ይሄ የማን ጥርስ ነው?» አለችኝ።

«የሰውዬው ነዋ!»

«የማንም አይደለም። የሱቅ ነው።»

ከዚያ ወጥታ ሰውዬውን የድሮ ፎቶ እንዲያመጣ ለመነችው። ከሠርጉ ቀን የተረፈ አንድ ፎቶ አመጣ። እሷም ፎቶውን አይታ ከፊት ጥርሶቹ አንዱን በጋለ ቢላዋ ጫፍ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አዘነበለችው። ጥርሱ የተገጠመ ዕለት ሚስቱ ከመጠበቂያው ክፍል ብድግ ብላ፣ «ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ?» ብላ አለቀሰች። እታለም ግን በበሩ ቀዳዳ አየት አደረገችና ወደ ሳህኗ ተመለሰች። ምስጋና ሲመጣ ሁልጊዜ የሚታጠብ ሳህን አታጣም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ መምጣት ባልወድም።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጌም እጫወታለሁ። የምጫወተው ጌም አማልክት ያሉበት ነው። በዋናው ቤተ መቅደስ ውስጥ ሰባት ሐውልቶች በረድፍ ቆመዋል። ስድስቱ ሙሉ ናቸው፤ የሰባተኛው ፊት ከአፍንጫው በላይ ተሰብሯል። የቀረው ለሳቅ የተከፈተ አፍና አገጭ ብቻ ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሄደ፣ ማን እንደሰበረው ጌሙ አይናገርም። እዚህም እዚያም ቁርጥራጭ ነገር ይጥልና ሰውን እርስ በርስ ያባላል። እኔ ያለሁበት ግሩፕ አራት ሺህ ሰው አለበት፤ ሥራችን ስለዚህ አምላክ መላምት መጻፍ ነው። ስድስቱ በልተውታል የሚል አለ። ጨረቃው እሱ ነው የሚል አለ። የቤተ መቅደሱን ደረጃ ቆጥሮ የሞተበትን ቀን ያወጣ አለ። እኔ ደግሞ፣ የግሩፕ ስሜ ጀሶ ነው፣ ሰባተኛ አምላክ ኖሮ አያውቅም፣ ሐውልቱ የልብስ መስቀያ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ስጽፍ አንድ ሰው «እህ» ብሎኝ አያውቅም። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ያናድደኝ ነበር።

ምሳ ስንበላ ስልኬን ጠርሙስ ላይ አስደግፌ እጫወታለሁ። እታለም እየበላች በጎን ታያለች። አንድ ቀን ከቤተ መቅደሱ ፊት ስቆም ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ማነው?»

«አምላክ ነው።»

«አምላክ ሆኖ ፊቱን ማን ሰበረው?»

«እሱን ነው አራት ዓመት የምንጨቃጨቀው።»

«እስቲ ያቺን ልብስ አጣቢ መልሳት።»

«የቷን?»

«ወንዝ ዳር ያለችዋን አሮጊት። ዳቦ ስትሰጣት የምትስቀዋን።»

አሮጊቷ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ፍጡር ናት፤ ዳቦ ትሰጣታለህ፣ ትስቃለች፣ አለቀ። ሄድኩና ዳቦ ሰጠኋት። ሳቀች። እታለም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ስልኩ ላይ ተደፋች።

«አየህ? የግራው ክራንቻ ከጎኑ ባለው ጥርስ ላይ ወጥቷል። ከንፈሯም እዚያ ጋ ገባ ብሏል። ያ ድንጋይ እንደዚሁ ነው። አንድ አፍ ነው።»

«አንድ ሰው ሁለቱንም ስሎ ይሆናላ።»

«ሰው ሳያስብ ሲሠራ ጥርስ ቀጥ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ ልክ እንዳንተ። ክራንቻ የሚያጣምም ሰው አስቦበት ነው።» ማንኪያዋን አነሳች። «አምላካችሁ ሴት ናት። ልብስ እያጠበች ነው።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። አራት ሺህ ሰው ፊደል ሲቆጥር፣ ሰይፍ ሲመዝን፣ አንድም ሰው አፍ አላየም።

ምሳ ሰዓት ሳያልቅ ጻፍኩት። ሁለቱን አፎች ጎን ለጎን አድርጌ፣ ክራንቻውን በቀይ ከብቤ፣ «በአሥራ አንድ ዓመት የጥርስ ሙያ ልምዴ አስተዋልኩ» ብዬ ጀመርኩ። አስተዋለች አላልኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ፦ ጌም የማትጫወት ሴት አየች ብል ማን ያምነኛል፣ እሷስ ምን ታደርገዋለች። ውሸቴን ነው። እንዲጨበጨብልኝ ነው የፈለግኩት። እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ሰም ትፍቅ ነበር።

በማግስቱ ስልኬ በመልእክት ተጥለቀለቀ። አራት ዓመት ዞር ብለው ያላዩኝ ሰዎች ሊቅ አሉኝ። በወሩ የጌሙ ሠሪዎች አዲስ ነገር ለቀቁ፦ አሮጊቷን እጇን ይዘህ ቤተ መቅደስ ብታስገባት ሰባቱም ሐውልቶች ይበራሉ። ልክ ነበረች። ማለቴ፣ ልክ ነበርኩ ተባለ። ብዙ ተመልካች ያለው የጌም ቻናል አዘጋጅ በቀጥታ ስርጭት ጋበዘኝና፣ «ይሄን ዓይን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ መለስኩ። «ሌላው ሰው ዓይን ዓይን ሲያይ እኔ የማየው አፍ ነው» አልኩ። «ቀጥ ያለ ጥርስ የማንም አይደለም፣ የሱቅ ነው» አልኩ። የሠርጉን ፎቶና ያለቀሰችውን ሚስት ሳይቀር የራሴ አድርጌ ተረክኩት። ግኝቷን ብቻ ብሰርቅ አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቷን ጠቅልዬ ወሰድኩት።

የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ቅጂውን አግኝታ በነጋታው ጠዋት በመጠበቂያው ክፍል ቴሌቪዥን ላይ ከፈተችው። ታካሚዎች አዩ፣ ዶክተሩም ቆሞ አየ። እታለም እጇ ላይ ጀሶ እንዳለ በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሲያልቅ፣ «ጎበዝ» አለችኝና ሳህን ልታጥብ ገባች።

ሳምንት ሳይሞላ ዶክተሩ ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ማሽን ሥዕል ነበር። አፍ ውስጥ በካሜራ አይቶ፣ ጥርሱን ራሱ ቀርጾ የሚያወጣ ማሽን።

«በሦስት ሳምንት ይገባል» አለኝ። «ጀሶ ቀረ፣ ሰም ቀረ። ማሽኑ ጥርሱን ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል፤ የሰው ጥርስ የሚያስመስልልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። አንድ። እውነቱን ልንገርህ አይደል? እሷን ነበር ላስቀር ያሰብኩት። ወረቀት ባይኖራትም ዓይን አላት ብዬ።»

የማሽኑን ሥዕል አገላበጥኩ።

«አንተን እኮ ዝም ብለህ ሰም የምታቀልጥ ነበር የምትመስለኝ። ለካ ያ ሁሉ ካንተ ነው! ያን ቃለ መጠይቅ ባላይ ትልቅ ስህተት ልሠራ ነበር።»

እዚህ ላይ መናገር የነበረብኝን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር፦ ያየችው እሷ ናት። አፌ ድረስ መጣ። ግን ሥራ የሌለው ራሴን፣ ግሩፑ ውስጥ እንደገና ማንም «እህ» የማይለውን ራሴን አየሁት።

«አመሰግናለሁ ዶክተር» አልኩ።

ዶክተሩ እንደምትሰናበት ያንኑ ዕለት ነገራት፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ግን እታለም እንደ ወትሮዋ ሠራች። ጠዋት ትመጣለች፣ መብራቷን ታበራለች፣ መነጽሯን በሽርጧ ትወለውላለች። እኔ ቶሎ እወጣለሁ፣ ምሳዬን ደጅ እበላለሁ፣ ስታናግረኝ ቢላዋ እፈልጋለሁ። ዕቃዋን በካርቶን የምታስገባበት ቀን ደረሰ። የሰም ቢላዋዋ፣ አሮጌው መነጽሯ፣ ታካሚዎች ረስተውት የሄዱ አንድ ክምር ፎቶ፤ ሌላ የላትም። ምሳ ሰዓት ላይ ልወጣ ስል፣

«ስልክህን አምጣው እስቲ» አለች። «ያን ቤተ መቅደስ አሳየኝ።»

አሳየኋት። ሥዕሉን በሁለት ጣቷ አሰፋችው።

«ማን ሰበረው ትሉ አልነበር? ስብራቱን እይ። ጀሶ በተመታበት በኩል ይደቃል፣ በሌላው በኩል ይሰነጠቃል። ይሄ የደቀቀው በጎን ነው፣ በግራ። ከፊት የመጣ ጠላት አይደለም የመታት። በግራዋ የሚቆመው ማነው?»

አየሁ። በግራዋ የሚቆመው ስድስተኛው ነው፤ የጥበብ አምላክ፣ ተጫዋች ሁሉ የሚሰግድለት፣ አበባ የሚነሰነስለት።

«እሱ ነው የሰበራት» አለች። «አጠገቧ የሚቆመው። ጻፈው፣ ይሄንንም ጻፈው። ደህና ነገር ነው።»

«እታለም፣ ታውቂ ነበር?»

«አንተ ልጅ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍህን ነው ያየሁት። ስትዋሽ የታችኛውን ከንፈርህን ወደ ውስጥ ትነክሳለህ። ከተቀጠርክ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለዶክተሩ ለምን አልነገርሽውም?»

ካርቶኑን ዘጋችው። «አንተ ትነግረዋለህ ብዬ ጠበቅኩ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩህ።»

ያን ዕለት ማታ ለግሩፑ እውነቱን ጻፍኩ። ያየሁት እኔ አይደለሁም፣ አንዲት ሴት ናት፣ ይሄም ሁለተኛው ግኝት የእሷ ነው አልኩ። ማንም አላመነኝም። «እንዲህ ነው ትሑት ሰው!» አሉ። በልብ ምልክት ሞሉኝ። ከመጀመሪያው በላይ ተጨበጨበልኝ፤ እኔም ስልኩን ዘግቼ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ምንም በማያስከፍለኝ ቦታ ነበር እውነት የተናገርኩት። የሚያስከፍለኝ ቦታ፣ የዶክተሩ ቢሮ፣ ከጠረጴዛዬ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ በሩም አይቆለፍም።

ባለፈው ሰሞን ከከተማው ማዶ ባለ ክሊኒክ በኩል ሳልፍ አየኋት። ዲፕሎማ ለሌለው ሰው በጥርስ ሥራ ሌላ ቦታ ማን ያስገባዋል? ደጃፉን እየጠረገች ነበር። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ከአንዲት ታካሚ ጋር ታወራለች፤ አፍ አፏን እያየች። መንገድ ተሻገርኩ። እንዳታየኝ ብዬ ነው።

አሁን በእሷ በርጩማ ላይ ነው የምቀመጠው፣ መብራቱ ይሻላል። ማሽኑ ጥርሱን ቀጥ አድርጎ ያወጣል። እኔም ፎቶ አስመጣና እሷ ታደርግ እንደነበረው አንዱን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አዘነብላለሁ። ዶክተሩ አገላብጦ ያይና፣ «ይሄ ዓይንህ!» እያለ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። ዛሬም ጠዋት እንደዚያው አለኝ። እኔም፣ «አመሰግናለሁ ዶክተር» እላለሁ፤ የታችኛውን ከንፈሬንም ወደ ውስጥ እነክሳለሁ። እሱ አፍ አያይም።