ጋሽ አምደሚካኤልና ደካማው ሙጫ

ጋሽ አምደሚካኤል አዲስ አበባ ሳሉ ሃያ ሁለት ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሜልበርን ከመጡ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዲር ፓርክ በሚገኝ የጽሕፈት መሣሪያ መጋዘን ካርቶን ሲያነሱና ሲጥሉ ኖሩ። «ከወረቀት ሸሽቼ ወረቀት ላይ ወደቅሁ» ይላሉ ስለ ራሳቸው። በሁለቱም አገር አንድ ወረቀት ጠፍቶባቸው እንደማያውቅ ግን ሳይናገሩ አያልፉም።

ከመጋዘኑ ያተረፉት የወገብ ሕመምና አንድ ታሪክ ነው፤ የስቲኪ ኖት፣ የዚያች ተለጣፊ ቢጫ ወረቀት ታሪክ። በሠርግም በለቅሶም ይተርኩታል። አንድ አሜሪካዊ ኬሚስት ብርቱ ሙጫ ልሥራ ብሎ ሲደክም፣ ትንሽ ይዞ የሚለቅ ልፍስፍስ ሙጫ ወጣለት። ለዓመታት ፈላጊ አጣ። ኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምር ሰው፣ በመዝሙር መጽሐፉ መሐል ምልክት የሚያደርጋቸው ቁራጭ ወረቀቶች እየወደቁ ሲያስቸግሩት ያ ሙጫ ትዝ አለው። ሲፈልጉት የሚይዝ፣ ሲፈልጉት ገጹን ሳይቀድ የሚለቅ። «አያችሁ!» ይላሉ ጋሽ አምደሚካኤል ጣታቸውን አንስተው።

ባለቤታቸው ታየች ገና ጣቱ ሲነሳ፣ «ደግሞ ጀመረ» ትል ነበር። ሰው ይስቃል። እሳቸው ይቀጥላሉ።

ታየች ታሪኩን ባትወደውም ወረቀቶቹን ወደደቻቸው። አስኮት ቬል ያለው ቤታቸው ግድግዳው ቢጫ ሆነ። «ጋዙን አጥፋ።» «መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው።» ጋሽ አምደሚካኤል እንግዳ ሲመጣ ያፍሩ ነበር። ሰነድ ማለት ቁጥር ያለው፣ በአግራፍ የተያዘ ነገር ነው እንጂ በር በተዘጋ ቁጥር የሚረግፍ አይደለም ይሏታል።

«አንተስ ብትሆን» ትላቸዋለች፤ «የነገሩህን ትንሽ ትይዝና ትለቀው የለ?»

ታየች ካረፈች ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመቷ እሑድ ነው። ሐሙስ ዕለት አዲስ የመጡት ካህን ደውለው፣ «ጋሽ አምደሚካኤል፣ በጸሎቱ የምናነሳውን የክርስትና ስሟን ቅዳሜ ይዘውልኝ ይምጡ» አሏቸው።

«እንዴታ፣ አባታችን!» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ስሙን ቢፈልጉት ጠፋ።

በቀብሩም በአርባውም ስሙን ለቀድሞው ካህን የነገረችው የታየች እህት አሰገደች ነበረች፣ ከአዲስ አበባ በስልክ። እሳቸው በእነዚያ ቀናት የሰሙትን አልሰሙትም። ትዝ የሚላቸው «ወለተ» የሚለው ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሴት ግማሹ ደግሞ ወለተ ነው። ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» ብሎ ጽፎ ጉዳዩን እንደ መተው ሆነባቸው። አሰገደች ዘንድ መደወል ይቻላል፤ ግን የሠላሳ ስምንት ዓመት ሚስቱን ስም የረሳ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብላ ለአገር ታወራባቸዋለች። በሌላ ሴት ስም ቢጸለይስ? ይሄ ደግሞ ከሳቅም በላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፋይሉን አወረዱት። ከቀብሩ በኋላ ሌላ የሚያደርጉት ነገር ስላልነበረ፣ የታየችን ወረቀቶች ሁሉ ከግድግዳ ለቅመው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በአግራፍ ይዘው አስቀምጠዋቸው ነበር። አንድ መቶ አሥራ አራት ናቸው። ቁጥር አርባ አንድ፣ «ሐሙስ ሐኪም ቤት ቡክ አድርጌአለሁ፣ አትጨነቅ።» ይቺን ቶሎ ገለበጧት። ቁጥር ዘጠና ሰባት፣ «ዛሬ እንግዶቹ ፊት ያን ታሪክ እንዳትጀምር።» ስም የለም።

ልጃቸው ማሂ ወተት ይዛ ስትገባ ወለሉ ላይ አገኘቻቸው። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ምን እንደ ጠፋቸው ጠየቀች። አፍረው ነገሯት።

«አንቺስ የእናትሽን የክርስትና ስም አታውቂም?»

«ወለተ... የሆነ ነገር» አለች ማሂ።

«ጎሽ! የአባትሽ ልጅ!»

ማሂ ሳቀች። ከዚያ፣ «የጸሎት መጽሐፏን አይተሃል?» አለች። «ያ የምትተርከው ሰውዬ የሚለጥፈው እኮ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፉ ውስጥ ነው።»

ሃያ ዓመት ሲተርኩት ለካ ታሪኩን ልብ ብሎ የሰማ ሰው ኖሯል። የታየች ዳዊት መደርደሪያው ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ከሞተች ወዲህ አልከፈቱትም። አሁን ከፈቱት። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል።

«ወለተ ኪዳን። እንደምትረሳው አውቃለሁ። አሰገደች ጋ እንዳትደውል፣ ትስቅብሃለች።»

ጋሽ አምደሚካኤል ጠርዟን በጥፍራቸው ነካ አደረጓት። ብትሳብ ትለቃለች። አልሳቧትም። ስሙን በንጹሕ ወረቀት ሁለት ጊዜ ገለበጡ፣ በአግራፍ ያዙት፣ በከተማው ባቡር፣ በትራሙም ተሳፍረው እስኪወርዱ ድረስ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲደግሙት ሄዱ፤ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴትዮ ተነስታ ሌላ ወንበር ፈለገች።

ካህኑ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሲጠይቋቸው ወረቀቱን ሳያወጡ፣ «ወለተ ኪዳን!» አሉ፣ ተማሪ ቤት እንደ ተጠራ ልጅ ጮክ ብለው።

ካህኑ ከኪሳቸው ትንሽ ቢጫ ወረቀት አውጥተው ስሙን ጻፉና የጸሎት መጽሐፋቸው ላይ ለጠፉት።

የጋሽ አምደሚካኤል ጣት ተነሳ። «አባታችን፣ ይህቺ ወረቀት እንዴት እንደ ተፈለሰፈች ያውቃሉ?»

«ደግሞ ጀመረ» አለች ማሂ ከኋላቸው፣ በአማርኛ።

ጋሽ አምደሚካኤል ጣታቸው እንደ ተነሳ ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ። ከዚያ ቀጠሉ።