ስልክ የሚናገርበት ተራራ

የመርሳዋን ዘይነባን ስሟን የማያውቅ መንገደኛ እጇን ያውቀዋል። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም አንድ ከረጢት ብርቱካን በመስኮት ገብቶ ጭኑ ላይ ዱብ ይላል፤ ቀና ሲል አንዲት ደልዳላ ሴት ከጎማው እኩል እየሮጠች፣ "ቅመሰው! ካልጣፈጠህ መልሰው!" ትለዋለች። እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው እሷና አላህ ያውቃሉ። ባሏ ሙሄዲን ወገቡን ታሞ መደብ ላይ ከዋለ ወዲህ ሥራው በሚስቱ መቀለድ ነበርና፣ "የዘይነባ ጀናዛ የወጣ ቀን ቀባሪው ሁሉ ሊሮጥ ነው፤ ቀስ ብሎ መሄድ እንደሆነ አታውቅበትም" ይል ነበር።

እንዲህ ያለችውን ሴት ጦርነቱ ቁጭ አደረጋት። በነሐሴ ወልድያ ተያዘች ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ መርሳም ተያዘች። አውቶቡስ ቀረ፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ዘይቱኑ ዛፉ ሥር ረግፎ ዝንብ ሲወረው የሚገዛው የለም። ዘይነባ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር ትመላለሳለች፤ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ጀሪካኑን ረስታው ትመለሳለች። ሙሄዲን "አንቺ ሴትዮ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ" ቢላትም መሳቅ ካቆመች ሰንብታለች።

ጭንቋ ሙስዐብ ነበር። አንድ ልጇ ነው፤ ደሴ ላይ ብየዳ ቤት ይሠራል። መርሳ ስትያዝ እሱ እዚያ በመሆኑ አላህን አመስግና ነበር፤ ምስጋናዋ ግን አልማዝ እስክትመጣ ብቻ ቆየ። ጨርቅ ነጋዴዋ አልማዝ ልጆቿን ፍለጋ ተራራ ለተራራ ዞራ ከደሴ በእግሯ ገባች። ዘይነባን መንገድ ላይ ስታያት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አለሽ እንዴ? መናኸሪያው ጥግ ያለው ሰፈር በመድፍ አለቀ ተብሎ ልጅሽ ሐዘን ተቀምጧል እኮ! 'ሄጄ ልቅበራቸው' ሲል ጓደኞቹ ናቸው ይዘው ያስቀሩት።"

ዘይነባ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ በሁለት ጦር መካከል ብቻውን ሲመጣ አንዱም ሌላውም "ሰላይ" ብሎ እንደሚይዘው፣ በዚያ መንገድ ወጥተው ወሬያቸው የጠፋ የሰው ልጆች እንዳሉ ታውቃለች። መልእክተኛ ልላክበት እንዳትል፣ ልጁ ችኩል ብቻ ሳይሆን ተጠራጣሪም ነው፤ "ሊያጽናኑኝ የፈጠሩት ነው" ይላል እንጂ አያምንም። ድምፅዋን በጆሮው ካልሰማ አርፎ አይቀመጥም። እሷ ደሴ ድረስ እንዳትሄድ ደግሞ ሙሄዲንን ከአንድ ሌሊት በላይ ደግፎ የሚያነሳው የለም።

መላውን ያገኘችላት ጎረቤቷ አሰለፈች ናት። አጎቷ አቶ አስፋው የደጋ ገበሬ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን የእህታቸው ልጅ መኖር አለመኖሯን ሊያዩ ወርደው ነበር። ከሐብሩ በላይ ተራራው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ሐይቅ አገሬው ባሕሯ ይላታል፤ ክርስቲያኑ ለጠበል፣ እስላሙ ለዱዓ ይወጣባታል። ዘይነባ ስሟን እንጂ መልኳን አታውቅም፤ አውቶቡስ በማይደርስበት ቦታ ምን ሥራ አላት?

"ከባሕሯ ዳር ካለው ቋጥኝ ላይ ሲወጡ ስልክ ይናገራል" አሉ አቶ አስፋው። "ኔትዎርኩ ከደሴ በኩል ነው መሰለኝ የሚመጣው። የወንድሜ ልጅ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"ደርሶ መልስ ይሆናል ጋሼ?"

"አይሆንም። ማለዳ ወጥተን ማታ እንደርሳለን፤ እዚያው አድረን ሲነጋ እንወርዳለን።"

"አንቱ ካሉማ አሁኑኑ እንነሳ!"

ቅዳሜ ነበር። አሁኑኑ አልሆነም፤ ሰኞ ማለዳ ተባለ። ስልኳ ባትሪው ያረጀ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ጁነይድ ባለሱቁ ከሶላሩ ላይ ሰካላትና ከመደርደሪያ ጥግ የተረሳች የሞባይል ካርድ ጨመረላት። ከከተማው መውጫ ላይ ታጣቂዎች ስልክ ስለሚቀሙ፣ አብራት የምትወጣው አሰለፈች ዳቦ ጋገረችና ሆዱን ፈልፍላ ቦታ አበጀችለት። "ወዴት ናችሁ?" ቢባሉ ለቅሶ ደራሾች ናቸው። ለስንቅ ቆሎ ተቆላ፤ ሥጋ የሚባል ነገር አልተነሳም፤ ማን አረደው ከሚለው ጣጣ ሁለቱንም የሚያግባባው ቆሎ ነው። ዘይነባ ዕቃውን ቋጥራ ትፈታለች፣ ፈትታ ትቋጥራለች። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አላት ሙሄዲን። እውነትም ቆሎው ተደፍቶ እየለቀመች ነበር።

ምስጢር ነበር፤ እሑድ ረፋዱ ላይ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ሰምቶ ኖሮ በሯን ሞላው። አንዱ ለሚስቱ፣ አንዷ ለወንድሟ፣ ሁሉም "አለን ብቻ በይልን" እያለ ቁጥር ለጁነይድ ይነግራል፣ ጁነይድ ስልኩ ላይ ይመዘግባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው እንደሚባለው፣ የሰፈሩ ናፍቆት በሙሉ አንዲት ብርቱካን ሻጭ ላይ ተጫነ። እምቢ ማለት ደግሞ አልፈጠረባትም።

ማታ ላይ እማማ ዙልፋ ዘንድ ለዱዓ ገባች። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሳይመርቀው መንገድ የሚወጣ የለም። እማማ ዙልፋ ደግሞ ሙስዐብን በእጃቸው ያዋለዱ ናቸው።

"የእኔስ ልጅ፣ ረዲ?" አሉ እማማ። "ኮምቦልቻ ነው ያለው፤ ድምፄን ካልሰማ ስንት ጊዜው። ቁጥሩን የእህቴ ልጅ ማሚቴ ታውቀዋለች፤ ሲሪንቃ ሰው ልኬባታለሁ። እስኪመለስ ቆዪኝ፣ ከዚያ እመርቅሻለሁ።"

"እማማ፣ ልጄ ሊነሳብኝ ነው፤ ነገ ማለዳ ካልወጣሁ..."

"አብሽሪ፣ አይዞሽ ዘይነባዬ። አንድ ቀን ምን ትላለች? ያለ ዱዓ ወጥተሽ እግርሽን እንቅፋት ቢመታው ለማን ትናገሪያለሽ?"

ዘይነባ ከንፈሯን ነክሳ "እሺ" አለች። ወጥታ አጥሩ ሥር ቆመችና እጇን በእጇ መታች። ጥላ መሄድ ትችል ነበር፤ የሚይዛት ገመድ አልነበረም። ግን የልጇን እትብት የቆረጡ እጆች ለዱዓ ሳይዘረጉላት እንዴት ትውጣ? ይሉኝታ የሚሉት ነገር ከታጣቂው ኬላ ይልቅ አጥብቆ ያዛት።

ሰኞ የተላከው ሰው አልመጣም። ማክሰኞም ዋለ። ዘይነባ እህል አልቀምስ አለች፤ በየደቂቃው መንገድ ዳር ወጥታ ወደ ሲሪንቃ በኩል ታያለች። አቶ አስፋው "እኔም ቤት አለኝ እኮ" ማለት ጀመሩ። ማክሰኞ ሲመሽ ሰውዬው ቁጥሩን ይዞ ደረሰ፤ እማማ ዙልፋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዕንባቸው እስኪወርድ መረቁ፤ ዘይነባ "አሚን" ያለችው ግማሽ እግሯ ከደጅ ሆኖ ነው።

ረቡዕ ማለዳ ኬላው ላይ አንድ ልጅ እግር ታጣቂ አስቆማቸው። ለቅሶ ደራሾች ነን አሉት። ዓይኑ ከዳቦው ላይ አልተነሳም። "ትንሽ ቁረሺልኝ፣ እናቴ" አለ ለአሰለፈች። አሰለፈች ከዳሩ ገምሳ ሰጠችው፤ "ነፍስ ይማር" ብሎ አሳለፋቸው። ዘይነባ ያ ልጅ የማን ልጅ ይሆን እያለች ስትብከነከን ወጣች።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አቶ አስፋው እስከ ዛሬ ይገርማቸዋል። እሳቸው እረፍት ሲሉ እሷ ቆማ ነው የምትጠብቃቸው። ባሕሯ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከታች ወለል ብላ ታየች፤ ዘይነባ ግን ጀርባዋን ሰጥታት ቋጥኙ ላይ ወጣች። ስልኩን ከዳቦው አውጥታ ፍርፋሪውን አራገፈች። ሁለት መስመር ያዘላትና ወደ ልጇ ደወለች።

"ሃሎ! ሙስዐብ! እኔ ነኝ!"

"ሙስዐብ አይደለሁም፤ ጓደኛው ዮሴፍ ነኝ። ማን ልበል?"

"እናቱ ነኝ!"

"እማማ፣ አሉ እንዴ?"

"አለሁ! ስጠኝ ልጄን!"

"ይቀሙኛል ብሎ ነው መሰለኝ፣ ስልኩን ቤት ትቶ ነው የሄደው። እስከ ሰኞ ማታ ይዘነው ነበር። ትናንት ማለዳ ሳናየው ወጣ። በየት በኩል እንደሄደ ልጠይቅና መልሼ ልደውል፤ ስልኩን አያጥፉ።"

ሰኞ ማታ። ያኔ እዚህ ቋጥኝ ላይ መሆን ነበረባት። ዘይነባ ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ ደግማ ቁጭ አለች። አሰለፈች ልታቅፋት ስትሞክር ገፈተረቻት። ኋላ ግን የአደራው ነገር መጣባትና መደወል ጀመረች። "አሉ! ደህና ናቸው! ከብቱም ቤቱም አለ!" እያለች፣ አውቶቡስ ሥር በምትጮህበት ድምፅ ለአንዱም ለሌላውም ተናገረች። የሰው ዘመድ በየስልኩ ውስጥ በደስታ ሲያለቅስ ሰማች። ዮሴፍ አልደወለም።

የቀረው ረዲ ብቻ ነበር፤ ባትሪውም ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል።

"ተዪው" አለች አሰለፈች። "የዮሴፍን ጠብቂ።"

ዘይነባ በእማማ ዙልፋ ላይ የተናደደችውን ያህል በሰው ተናድዳ አታውቅም። ያቺ አንድ ቀን፣ ያቺ አብሽሪ! ተመልሳ "አልያዘልኝም" ብትላቸው ማን ያውቃል? ግን ዮሴፍስ ቢደውል ምን ይላታል? ልጇ መንገድ ላይ ነው፤ እጁ ላይ ስልክ የለም። እማማ ዙልፋ ደግሞ አሁን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ተራራውን እያዩ ይሆናል። የረዲን ቁጥር ተጫነችው።

"ረዲ! ዘይነባ ነኝ፣ የመርሳዋ! እናትህ በጤና አሉ! እንዳትመጣ፣ ሰማኸኝ? ማንም ምንም ቢልህ እንዳትመጣ! አልሞትንም ልጄ፣ አለን! መንገዱ መንገድ አይደለም፤ ከወጣህም ተመለስ! ስለ አላህ ብለህ እዚያው ቁጭ በልልኝ፣ እንዳትመጣብኝ!"

"አልሐምዱሊላህ፣ እትዬ ዘይነባ!" አለ ረዲ፤ ግራ ገብቶታል። "እኔ እኮ የትም አልወጣሁም። ሊመጣ ነው ያለሽ ማን ነው?"

ዘይነባ "ሙስዐብ..." ብላ ሳትጨርስ ባትሪው አልቆ ስልኩ ጠፋ።