ከቪዲዮው በፊት አውፍ የለም

የልጄን ኒካህ የቀረጸው ልጅ የወሎ ልጅ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ መስጊድም እንተያያለን። ስለዚህ ውል አልጻፍንም። ለስልክ ቀፎ አሥር ገጽ የምንፈርም ሰዎች፣ ለአገር ልጅ ወረቀት ማውጣት ነውር ይሆንብናል። ሒሳቡንም በሙሉ አስቀድሜ ሰጠሁት። «በወር ውስጥ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። በዚያ ቃል ሲቀለድበት ያመኛል።

ዓመት አለፈ። ደሴ ያሉት አባቴ ቪዛ ተከልክለው ሠርጉን አላዩም፤ ዓይናቸውም በግላኮማ እየሄደ ነበር። በየጁምዓው ስደውል ሰላምታውን ሳይጨርሱ «ፊልሙ መጣ ወይ? ዓይኔ ሳይሄድ» ይሉኛል። ለልጁ ስደውል ደግሞ፣ «እትዬ፣ ኤዲት እያደረግሁት ነው።» እሱ ኤዲት ሲያደርግ ልጄ ወለደች።

ያኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ አንድ ስኮትላንዳዊ አዛውንት በቤታቸው እየተንከባከብሁ እሠራ ነበር፤ በአገራቸው በጥብቅና ሥራ ያረጁ ናቸው። የአጃ ገንፏቸውን እያበላሁ ብሶቴን ብነግራቸው ዓይናቸው በራ።

«እዚህ አገር ቢሆን ዳኛው በአመዛኙ ካሳ ነው የሚያስከፍልልሽ» አሉኝ። «በእኛ ሕግ ግን ቃል የተገባልሽን ነገር ራሱን መጠየቅ መብትሽ ነው። ዳኛው ‹አምጣ› ይለዋል። ካሳው ነገሩ የማይሆን ሲሆን፣ ወይም በመዘግየቱ ለተጎዳሽው ነው።»

«እኔ ዳኛ የት አለኝ?»

«ሌላም አለ። የራሱን ያልፈጸመ ሰው የአንቺን አምጪ ሊልሽ አይችልም። በእጅሽ ያለውን ያዢበት።»

ሁሉን አስቀድሜ ከፍዬ ምን ልያዝበት?

ከዚያ የሐጅ ወቅት ደረሰ። ሐጅ የሚሄድ ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድምና፣ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ኮል አደረገኝ።

«እትዬ፣ ረቡዕ መብረሬ ነው። አውፍ ይበሉኝ፤ ያስቀየምኩዎትን ይቅር ይበሉኝ።»

ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አዛውንቱ ትዝ አሉኝ።

«ቪዲዮውስ?»

«ስመለስ፣ ወላሂ...»

«አትማል ልጄ። እኔም አውፍታዬን ኤዲት እያደረግሁት ነው።»

ማክሰኞ ዲቪዲው ደጄ ላይ ነበር። ዓመት ያልበቃው ኤዲት በሁለት ቀን አለቀ፤ ሙሽራዋ ላይ ሳይቀር የኮምፒውተር ጽጌረዳ ይዘንብባታል። ደውዬ አውፍ አልኩት። ከልቤ ነው።

ዲቪዲውን ለመንገደኛ ሰጠሁ፤ ደሴ ደረሰ። አባቴ በስልክ፣ «አየኋት! ነጭ ለብሳ እንዴት አምሮባታል» አሉኝ። እህቴ ስልኩን ተቀብላቸው ወደ ጓዳ ገባች። ልጄ የለበሰችው አረንጓዴ ነበር።

አዛውንቱ ስለ መዘግየቱ ካሳ እንድጠይቅ መከሩኝ። አውፍ ካልኩ በኋላ አልጠይቅም። ልጁ አሁን «ሐጂ» ይባላል። ልጃቸውን የሚድሩ እናቶች ስለ ሥራው ሊጠይቁኝ ሲደውሉ ሰው አላማም፤ እውነቱን ብቻ እናገራለሁ፦ «ቀረጻው ግሩም ነው። ዓይኑ የደከመ ዘመድ ካለሽ ግን ቀራጩን ውል አስፈርሚው።»