ዝንጀሮዎቹ ዓይናችንን ሲጠብቁ

የተቀጠርኩት መቱ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ፊሽካ፣ አንድ ደብተርና አንድ ወንጭፍ ፈርሜ ተረከብኩና ወደ ዳሪሙ ገጠር በእግሬ ተላክኩ። ሥራዬ ዝንጀሮ ከበቆሎ ማባረር ነበር፤ ደብዳቤው ግን «ረዳት የሰብል ጥበቃ ሠራተኛ» ይለኛል።

በማግስቱ እትዬ ጫልቱ የሚባሉ፣ ማሳቸው ጫካ ዳር የሆነ ባልቴት ማማቸው ላይ አወጡኝ። ፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብብቱን ያካል። ፊሽካዬን አፌ ውስጥ አድርጌ ግማሽ ቀን ተፋጠጥን። ስወርድ ከጀርባዬ ያለው በቆሎ ባዶ አገዳ ሆኗል።

እትዬ ጫልቱ ሳቁብኝ። «አንተ እሱን ትጠብቃለህ፣ እነሱ ደግሞ ያንተን ዓይን ይጠብቃሉ። ጀልዴሳ ሰው ወዴት እንደሚያይ ሳያጣራ አይገባም።» ዝንጀሮን ጀልዴሳ ነው የሚሉት።

ከዚያ ወዲያ አንገቴን ማዞር ተማርኩ።

እሸት ሲደርስ አለቃዬ ግራዝማች ተሰማ ለጉብኝት መጡ። ገበሬው ሁሉ ሥራውን ጥሎ እትዬ ጫልቱ ማሳ ዳር ተሰበሰበ። ግራዝማች ስለ ንቃት የጻፉትን ማንበብ ጀመሩ፤ እኛም ማሳውን ከኋላችን አድርገን አፍ አፋቸውን እናያለን። አንድ ጊዜ ከወረቀቱ ቀና ሲሉ፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች።

«ለመንግሥት ሹም ጀርባ የምትሰጪ፣ አንቺ ማነሽ?»

እትዬ ጫልቱ ነበሩ። «ይዙሩ እንጂ፣ እትዬ!» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እዞራለሁ። አንተ ታዲያ ወደ ማሳው ዙርልኝ» አሉና ዞሩ።

እኔ አልዞርኩም። አገዳ ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ፤ ግን ረዳት ሠራተኛ ሹም ሲናገር ዘወር አይልም። ራሴን መነቅነቄን ቀጠልኩ።

አጨብጭበን ስንዞር መንጋው በሙሉ ማሳው ውስጥ ነው። እየጮህን ሮጥን፤ ግራዝማችም ንግግራቸውን እያውለበለቡ ከኋላችን። የተረፈው እኩሌታው ብቻ ነበር።

እትዬ ጫልቱ በዚህ ጊዜ አልሳቁም። የዓመት ቀለባቸው ነው። የተሰበረ አገዳ ይዘው ቁጭ አሉ።

ግራዝማች ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ከጎተራዬ አንድ ጭነት በቆሎ ይመጣልሻል፣ እናቴ» አሏቸው። ላኩም። ለእኔ ደግሞ፣ «ከእንግዲህ ስናገር አምስት ሰው ጀርባውን ይስጠኝ!» ብለው አዘዙ።

«በጽሑፍ ይሁንልኝ፣ ጌታዬ» አልኳቸው። ጻፉልኝ፣ ማኅተምም አደረጉበት።

ሰው ቀድሞ የሚያየው ሌላው ሰው የሚያየውን ነው። ዝንጀሮ ይህን ያውቃል፣ ይርበዋልና። ጥበቃ ላይ ያላችሁ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ሲያይ እናንተ ወደ ሌላው እዩ።